በዕድሜ የተጻፈ ዝርዝር

ቢጫዋን ወረቀት መጀመሪያ ያየናት እትዬና እኔ ነን። ጠዋት ከአውቶቡስ ስንወርድ የማቆሚያው ምሰሶ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስራ ነበር። እትዬ እንግሊዝኛ አያነቡም። እኔም ከስድስተኛ ክፍል በላይ ስላልተማርኩ ረጅም ጽሑፍ ሳይ ቶሎ ይደክመኛል። የአውቶቡሱን ቁጥርና የመንገዱን ስም ለየሁ፣ ሌላው አልገባኝም። እትዬ የመንገድ ሥራ ይሆናል ተይው አሉኝና ክንዴን ይዘው ወደ ሱቁ ገባን።

እትዬ የምላቸው አብረውኝ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ የማንንም ስም አልጽፍም። ፌርፋክስ በሚባለው መንገድ ላይ ካሉት የሀበሻ ሱቆች በአንዱ፣ ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የምንሠራው። በጆንያ የሚመጣውን በርበሬና ሽሮ እየመዘንን በትንንሽ ከረጢት እናሽጋለን፣ ወረቀት እንለጥፋለን። እሳቸው ይመዝናሉ፣ እኔ አሽጋለሁ። እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ። የማላውቀው ሰው ሲያናግረኝ አፌን በእጄ የመሸፈን ልማድ አለኝ። ብዙ ሰው እጅሽን አውርጂ ይለኛል። እትዬ ግን አንድም ቀን ብለውኝ አያውቁም፤ ከእጄ ጀርባ የምናገረውን ይሰማሉ።

የምንኖረው ሚድ ሲቲ የሚባል ሰፈር ነው፣ እሳቸው ብቻቸውን፣ እኔ ከአክስቴ ጋር። ጠዋት በፒኮ መንገድ በአንድ አውቶቡስ መጥተን፣ ፌርፋክስ ላይ ሌላ ይዘን፣ ልክ ከሱቁ ፊት ለፊት እንወርዳለን። ከሱቁ ፊት ለፊት መውረድ ለእትዬ ትልቅ ነገር ነው። የቀኝ ጉልበታቸው ከታመመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከማቆሚያው እስከ በሩ ያለችውን ያህል ይችላሉ፣ ከዚያ በላይ ያስጨንቃቸዋል። የሱቁ ባለቤት ደግ ሴት ናት፤ ግን ባየቻቸው ቁጥር እቤት ቢያርፉ ምን ነበረበት ትላቸዋለች። እትዬ የማይሰሙ መስለው ሚዛኑን ይጠርጋሉ።

ወረቀቷ በታሰረች በሦስተኛው ቀን አንዲት ልጅ የኋላውን ክፍል በር ገፋ አድርጋ ገባች። ቀጭን፣ አጭር፣ ጸጉሯን ወደ ላይ የጠቀለለች፣ ወረቀት የተቆነጠጠበት ክሊፕቦርድ በደረቷ ያቀፈች ልጅ ናት። ሰላም ልትለን አፏን ስትከፍት የበርበሬው ብናኝ ደረሰባትና ታስነጥስ ጀመር። ሰባት ጊዜ አስነጠሰች። እትዬ ሰባት ጊዜ ይማርሽ አሏት። በመጨረሻ እንባዋን እየጠረገች ሳቀችና ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ወጥተን እንድናወራ በእጇ ለመነችን።

ፊት ለፊት ጋሼ ተቀምጠው ነበር። ጋሼ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ሱቁ በር አጠገብ ካለችው ወንበር አይጠፉም፣ እንግሊዝኛውም ከሁላችን ይበልጥ የሚገባቸው እሳቸው ናቸው። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩና የሜክሲኮ ልጅ ናት አሉን በአማርኛ። ልጅቷ የገባት ይመስል ፊሊፒኖ መሆኗን፣ የተወለደችው ግን እዚሁ መሆኑን ተናገረች። ጋሼ ወዲያው ተቀየሩ። በታክሲ ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው ያደረሷቸው ፊሊፒኖ ነርሶች ቁጥር እንደሌላቸው ነገሯት። እናቷ ነርስ መሆናቸውን ስትነግራቸው፣ እንግዲያው እናትሽንም ድራይቭ አድርጌያቸው ይሆናል ብለው እንደ ዘመድ ወንበር ሳቡላት።

የመጣችበትን ጋሼ እየተረጎሙ ሰማን። ልጅቷ ኮሌጅ ውስጥ ፖለቲካ የምታጠና ተማሪ ናት። ለሰመር ዕረፍቷ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ለልምምድ ገብታ ኢንተርን ሆናለች። ድርጅቱ የሰፈር ሰዎች ስለራሳቸው ጉዳይ ውሳኔ የሚሰጥበት ስብሰባ ላይ ገብተው እንዲናገሩ ይረዳል። ቢጫዋ ወረቀት የምትለው አውቶቡሱ እንዲፈጥን አንዳንድ ማቆሚያዎች ሊነሱ መሆኑን ነው። የእኛ ማቆሚያ አንዷ ናት። ከተነሳች የሚቀጥለው ኦሎምፒክ ከሚባለው ሰፊ መንገድ ማዶ ነው። የልጅቷ ሥራ በዚህ ማቆሚያ የሚወርዱ ሰዎችን ፈልጋ ስብሰባው ላይ ማቅረብ ነው። ማንም ካልተናገረ ማንም አይጠቀምባትም ተብሎ ይነሳል።

እትዬ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ በቀስታ፣ "ከማዶ ከሆነ እኔ ሥራዬን ተውኩ ማለት ነው" አሉ። አልተቆጡም፣ አላዘኑም፤ የሚዛን ቁጥር እንደሚያነቡ ነው የተናገሩት። እኔ ግን እትዬ ሥራ ከተዉ ቀኑን ሙሉ ማንን እንደሚያናግሩ አውቃለሁ። ቴሌቪዥኑን ነው።

ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ፣ ከምግብ ቤት ምግብ ቤት ስትዞር ሰነበተች። ሰው ሁሉ በፈገግታ ይቀበላታል፣ ውሃ ይሰጣታል፣ ብዪ ይላታል፣ ስምዎን ልጻፍ ስትል ግን ሥራ ይበዛበታል። አርብ ዕለት ደክሟት እኛ ጋ መጣችና ሰዎቹ ስለማቆሚያው ግድ የላቸውም መሰለኝ አለችኝ። ጋሼ ስላልነበሩ በዚያች በእንግሊዝኛዬ መመለስ ነበረብኝ። አፌን በእጄ ሸፍኜ፣ ብዙዎቻችን በመጣንበት አገር ስምህ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ለጥሩ እንዳልሆነ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈችው። እኔ የተናገርኩትን ሰው ሲጽፍ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጋሼ ነገሩን ቆረጡት። ሠላሳ ዓመት ስሜና ፎቶዬ ታክሲው ውስጥ ተለጥፎ ኖሬያለሁ፣ አሁን ከማን ልደበቅ ነው ብለው ክሊፕቦርዱን ተቀብለው ፈረሙ። እሳቸውን አይተው እትዬ ገቡ። ከጎረቤት ምግብ ቤት የሚሠሩ ሁለት እህትማማቾች ተከተሉ። እኔ የገባሁት እትዬ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ነው፤ ከእኔ በፊት አራት ሰው ስላለ እኔ ጋ እስኪደርስ የሚነገር ነገር አይተርፍም ብዬ ተጽናናሁ።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ነበር። እኛን ሴቶቹን ልጅቷ በእናቷ መኪና ወሰደችን። ጋሼ አብረውን እንዲመጡ ስትጠይቃቸው፣ በዚህ ከተማ እኔን ሰው ይነዳኛል እንዴ ብለው በራሳቸው መኪና ሄዱ።

አዳራሹ ትልቅ ነው። ከፊት ከፍ ያለ ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ኃላፊዎቹ ከኋላው ተቀምጠዋል። ከመካከል አንድ ማይክሮፎን ቆሟል። ልጅቷ ስማችንን በየካርዱ ጽፋ ለጸሐፊዋ ሰጠች። መጀመሪያ የተጠራችው ከእህትማማቾቹ ታናሿ ነበረች። ብድግ አለችና እትዬን አየች። እትዬ ሳይናገሩ እንዴት እቀድማለሁ አለች ለእህቷ በሹክሹክታ። እህቷም እውነትሽን ነው፣ ቁጭ በይ አለቻት። ጸሐፊዋ ስሙን ደግማ ጠራች፤ ከዚያ ካርዱን ገልብጣ አስቀመጠችው። ታላቅየዋ ተጠራች፣ እሷም ወደ እትዬ ዞረች። እትዬ ተጠሩ። እትዬ ደግሞ፣ ጋሼ ሳይመጡ እኔ ምን ብዬ ነው የምከፍተው፣ ይምጡና ይጀምሩት ብለው እጃቸውን ከፍ አድርገው ጸሐፊዋን በአክብሮት ጠብቂ አሏት። ጸሐፊዋ አልናገርም ማለታቸው መስሏት አመስግና ካርዱን ገለበጠች። ጋሼ ተጠሩ፣ የሉም። እኔ ተጠራሁ። ከእኔ በላይ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እኔ የምነሳበት ምክንያት አልታየኝም። ወለሉን አየሁ።

ልጅቷ ከኋላችን ሆና በዓይኗ እየለመነችን ነበር። የሕዝብ አስተያየት እዚህ ላይ ተዘግቷል ተባለ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ጋሼ ከነክራቫታቸው፣ የመኪና ቁልፍ በእጃቸው ይዘው ገቡ። ፓርኪንግ ፍለጋ ሕንጻውን አርባ ደቂቃ ሲዞሩት ነበር። አጠገቤ ተቀምጠው ላባቸውን ጠረጉና በጆሮዬ፣ "ጀመሩ እንዴ?" አሉኝ።

ስንወጣ ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ፊቷ ቀልቷል። ፈርታችሁ ነው፣ ቀስ ብዬ ላዘጋጃችሁ ይገባኝ ነበር አለችን። ጋሼ በደላቸው ስለተሰማቸው አልተረጎሙም፣ ዞር ብለው ቆሙ። ስለዚህ እኔው ሞከርኩ። አልፈራንም አልኳት። እኔ ፈርቻለሁ፣ እነሱ ግን አልፈሩም። ትልቅ ሰው ሳይናገር ትንሽ ሰው አይናገርም፤ ትልቁ ደግሞ መኪና ሊያቆሙ ሄደው ነበር አልኳት።

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ዓይኗን በሁለት እጇ ሸፈነች። እያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ፣ ለካ እየሳቀች ነው። "እኛ ቤት ሎላ ማንኪያ ሳታነሳ ማንም አያነሳም" አለች። ሎላ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። "ይህን እያወቅሁ ካርዱን እንዳገኘሁት ሰጠሁ።" ተነስታ እትዬን ስትሰናበት እጃቸውን ይዛ ጎንበስ አለችና በግንባሯ ነካችው። በእነሱ ዘንድ ትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚከበረው። እትዬ አያውቁትም፣ ግን ገባቸው። ግንባሯን ሳሙት።

ድምፅ የሚሰጥበት ስብሰባ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለነበር አንድ ዕድል ቀርቶናል። ልጅቷ አስተርጓሚ እንዲመደብልን ጠየቀች። ካርዶቹንም በዕድሜ ቅደም ተከተል ልታስገባ ወሰነች። የከበደው እዚህ ላይ ነው።

ሱቁ ውስጥ ክሊፕቦርዷን ይዛ ከሁሉም ታላቅ ማን ነው ብላ ጠየቀች። ጋሼ ያለጥርጥር እትዬ ናቸው አሉ። እትዬ ሽሮ እየመዘኑ ሳቁባቸው። እኔ እሳቸውን የማውቃቸው ጸጉራቸው ነጭ ሆኖ ነው፣ እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ አሉ። ጋሼ ደግሞ ጸጉሬን ያነጣው የፍሪዌይ ትራፊክ ነው አሉ። ልጅቷ የተወለዱበትን ዓመት ስትጠይቅ ሁለቱም እኩል በእኛ ነው በፈረንጅ አሏት። በፈረንጅ ብትል፣ ጋሼ ወረቀታቸው ላይ ያለው ሱዳን ስደት ላይ ሳሉ አንድ ጸሐፊ በግምት የሞላላቸው እንደሆነ፣ እውነተኛውን እናታቸው ብቻ ያውቁ እንደነበር ነገሯት። እትዬ ወደ ሽሯቸው ዞሩ። የሱቁ ባለቤት ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ሆና፣ ሁለቱም ሃምሳ ብለሽ ጻፊና ገላግይን አለች።

በመጨረሻ እትዬ ሚዛኑን አስቀመጡ። "ጋሼን አስቀድሚ፣ እኔን ከእሳቸው ቀጥሎ" አሉ። ጋሼ ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን መጀመሪያ የሚናገረው ሰው እሳቸው መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ዘጉት።

ልጅቷ ሌላም ነገር ነገረችን። እዚያ ቆማችሁ እናዝናለን አትበሉ፣ ማቆሚያው ሲነሳ እናንተ ላይ የሚሆነውን ተናገሩ አለች። ይህ አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እትዬን ማዶ ካለው ማቆሚያ ወርደን ወደ ሱቁ እንሂድ አልኳቸው። ምን ነካሽ አሉኝ፣ ግን እሺ አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ክንዴን ያዙ። የእግረኛው መብራት አረንጓዴ ሲሆን ተነሳን፤ መሀል መንገድ ላይ ቀይ ሆነ። አንድ መኪና ጥሩንባውን ነፋብን። እትዬ ቸኩሎ የት ሊደርስ ነው ብለው ሳቁ። ከተሻገርን በኋላ ሦስት ጊዜ አረፉ፣ አንዴ ግንብ ተደግፈው፣ አንዴ የፓርኪንግ ምሰሶ ይዘው፣ አንዴ እኔን ብቻ ይዘው። ሱቁ ተዘግቶ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ቀን ያየሁትን ለማንም አልነገርኩም።

ለሁለተኛው ስብሰባ ሁላችንም በአውቶቡስ ሄድን። ሐሳቡ የልጅቷ ነበር፣ ከፓርኪንግ እንድንገላገል። ጋሼ በዚህ ከተማ አውቶቡስ ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው መሆኑን ያን ጊዜ አወቅን። ከሹፌሯ ኋላ ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ አነዳዷን ሲገመግሙ ሄዱ። ስንወርድ ጥሩ ብሬክ አያያዝ አላት ብለው ፈረዱ።

ጋሼ መጀመሪያ ተጠሩ። ተነስተው ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ኃላፊዎቹን በየተራ ሰላም አሉ፣ ከተማዋን አመሰገኑ፣ ታክሲ መንዳት የጀመሩበትን ዘመን መንገዶች አንድ በአንድ አነሱ። የተሰጣቸው ደቂቃ ማለቁን የሚያሳየው ቀይ መብራት ሲበራ ገና ማቆሚያው ጋ አልደረሱም ነበር። አመስግነው በኩራት ተመልሰው ተቀመጡ። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች።

ቀጥሎ እትዬ ተጠሩ። በግራ በኩል እኔን ተደግፈው ወደ ማይክሮፎኑ ሄድን፤ ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ይዘዋል። ኃላፊዎቹን አዩ። አስተርጓሚው ጠበቀ። ያን ያህል የሚያወሩት እትዬ ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ "ጉልበቴን ለሰው አውርቼ አላውቅም፣ ያሳፍረኛል" አሉኝ። ቀና ብለውም ለአስተርጓሚው፣ "ይህች ልጅ አብራኝ ሄዳ አይታለች። እሷ ትናገርልኝ" አሉት።

ኃላፊዎቹ አዝዘውኝ ቢሆን ኖሮ ከአዳራሹ እወጣ ነበር። ያዘዙኝ ግን እትዬ ናቸው። ታላቅ ሰው ተናገሪ ሲል ደግሞ እንቢ አይባልም። እጄ እንደ ልማዱ ወደ አፌ ሊሄድ ፈለገ፣ እሳቸው ይዘውታል። አልለቀቁኝም። ስለዚህ አፌ ሳይሸፈን በአማርኛ ተናገርኩ።

እሑድ ዕለት ከማዶው ማቆሚያ ወርደን እስከ ሥራ ቦታችን እንደሄድን ነገርኳቸው። መብራቱ መሀል መንገድ ላይ ጥሎን እንደተቀየረ፣ የት የት እንዳረፉ፣ ግንቡን፣ ምሰሶውን ነገርኳቸው። ሥራ የሚገቡት አገር ምድሩ በሚጣደፍበት ሰዓት እንደሆነ፣ እሑድ ግን መንገዱ ባዶ እንደነበር ነገርኳቸው። "ማቆሚያዋ ከተነሳች እሳቸው ሥራ ይቀራሉ። እኔ እሄዳለሁ፣ ግን ብቻዬን ነው የምሄደው" አልኩ። ከዚያ በላይ አልመጣልኝም።

ከኃላፊዎቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት፣ ስንት ጊዜ አረፉ ብለው ጠየቁ። አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ አልኩ። ሴትየዋ ጻፉት። እህትማማቾቹ በተራቸው ተነስተው እሷ ያለችው ልክ ነው ብለው ተቀመጡ። በመጨረሻ የእኔ ስም ሲጠራ ጨርሻለሁ ብዬ እጄን አነሳሁ።

ድምፅ ሲሰጥ ሁለቱ ተቃወሙ፣ የቀሩት ማቆሚያዋ ባለችበት ትቆይ አሉ። ስለ መሻገሪያው መብራት በሌላ ጊዜ እንደሚነጋገሩ ተናገሩ። ጋሼ ንግግራቸው እንደሠራላቸው እርግጠኛ ነበሩ፤ እስከ ዛሬም እርግጠኛ ናቸው። ማንም ሊነግራቸው አልፈለገም። ልጅቷ ወደ እኛ መጣች። የእትዬን እጅ በግንባሯ ነካች፣ ቀጥሎ ሳላስበው የእኔን። እኩያዬ ናት። አፍሬ እጄን ልነጥቃት ስል ሳቀችብኝ።

ወደ ትምህርቷ ልትመለስ በመጨረሻው ሳምንት ሱቅ መጣች፣ በዚህ ጊዜ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርጋ። ቢጫዋ ወረቀት ከምሰሶው ላይ ተቆርጣ ማሰሪያዋ ብቻ ቀርታ ነበር። እትዬ ለሎላ ብለው አንድ ከረጢት በርበሬ ሰጧት። ኋላ በስልክ እንደጻፈችልኝ ሎላ የተጠበሰ ዓሣ ላይ ነስንሰውት ቤቱ በሙሉ ሲያስነጥስ አምሽቷል፣ ግን ሌላ ላኩልኝ ብለዋል። ለእኔ ክሊፕቦርዷን ከነባዶ ካርዶቹ ትታልኝ ሄደች። ምን እንደማደርገው አልነገረችኝም።

በቀደም ስለ መብራቱ የሚነጋገረው ስብሰባ ቀኑ ታወቀ። ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ ዝርዝሩን አውጪ አሉኝ፣ ሁልጊዜም የእኔ ሥራ የነበረ ይመስል። የአሁኑ ካርድ መታወቂያ ላይ እንዳለው ሙሉ ስም ስለሚፈልግ እትዬ መታወቂያቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ስሙን ስገለብጥ የልደት ዓመታቸውን አየሁ። ጋሼ ቀድመው በሰጡኝ መታወቂያ ላይ ካለው ጋር ሳስተያየው፣ እትዬ በአራት ዓመት ይበልጧቸዋል። ቀና ስል እትዬ ሚዛኑን ያያሉ፣ ሚዛኑ ላይ ግን ምንም የለም።

"ከጋሼ ቀጥሎ ጻፊኝ" አሉኝ።

ከጋሼ ቀጥሎ ጻፍኳቸው። ስማቸውን እዚህ ያልጻፍኩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚያ እህትማማቾቹን ጻፍኩ፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ የሱቁ ባለቤት እኔንም ጨምሪ ስላለች እሷን በቦታዋ አስገባሁ። ከሁሉም በታች፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ የራሴን ስም ጽፌ ክሊፕቦርዱን ከበርበሬው ራቅ አድርጌ ሰቀልኩት።